በጅምላ የማይገኝ ፊት

የሰውን ልጅ በሁለት ክፈል ቢሉኝ ጅምላና ችርቻሮ ብዬ እከፍለዋለሁ። ሀብታምና ድሃ፣ የተማረና ያልተማረ የሚለውን አከፋፈል ለሌሎች ትቼዋለሁ። ጅምላ ሰው ማለት ለቅሶ ቤት ገብቶ ከበሩ ላይ «ሁላችሁንም ያጥናችሁ» ብሎ ባገኘው ወንበር ላይ ዘፍ የሚለው ነው። ችርቻሮው ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ እየዞረ፣ በእናቱ ጭን የተኛውን ሕፃን ሳይቀር ስም ጠርቶ ሰላም ሲል፣ ለመቀመጥ የመጣበትን ጊዜ በቁሙ የሚጨርሰው ነው። እናንተ ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ እናንተው ታውቃላችሁ። እኔ ጅምላ ነኝ፤ በትውልድም፣ በሙያም፣ በስንፍናም።

በትውልድ ያልኩት አባቴ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የጨርቅ ጅምላ ነጋዴ ስለነበሩ ነው። አቡጀዲውን ከነጣቃው እንጂ በክንድ ቆርጠው አይሸጡም ነበር። አንዲት የገጠር ሴት ለልጇ ቀሚስ የሚሆን ፈልጋ ብትመጣ «የኔ እህት፣ እዚያ ማዶ ጠይቂ» ብለው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይጠቁሟታል። ለምን እንደማይቆርጡላት ስጠይቃቸው «መቀስ የያዘ ሰው የእያንዳንዱን ገዢ ችግር መስማት አለበት፤ የኔ ጆሮ ደግሞ ለዚያ አይበቃም» አሉኝ። ያን ጊዜ ከልባቸው ይሁን ለቀልድ አልገባኝም፤ ሳድግ ግን ነገሩ ደስ አለኝና እኔም ያዝኩት።

በሙያ ያልኩት ደግሞ ቪዲዮ አንሺ ስለሆንኩ ነው። ፒያሳ ላይ አንዲት ክፍል ስቱዲዮ አለችኝ። ጥርና ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ካሜራዬን አንግቼ ከወለቃ እስከ ዛሪማ ስዞር እከርማለሁ። በዚያ መስመር የተዳረውን ሙሽራ እኩሌታውን እኔ አንስቼዋለሁ ብል ብዙም አላጋነንኩም። ስማቸውን ግን አትጠይቁኝ። ለእኔ ሁሉም ሙሽራ አንድ ሙሽራ ነው፤ ሁሉም ኬክ ይቆርሳል፣ ሁሉም የወላጅ ጉልበት ይስማል፣ ሁሉም ፋሲል ግንብ ሥር ቆሞ ሩቅ ሩቅ ያያል።

ሲዲ ካሴትን ከገበያ አስወጥቶ ባበቃበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ሲሠራ የቆየ አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ ይዞ የመጣውን የካሜራ መከታተያ ፕሮግራም ጫነልኝ። ሙያው ለማይገባችሁ ላስረዳ፤ የሚገባችሁ ይቅር በሉኝ። ካሜራ የያዘ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይገፋል፣ ሰርግ ቤት ከሆነም ሳያውቀው ይጨፍራል። ፕሮግራሙ ታዲያ የተነሳውን ምስል ይመረምርና የማይነቃነቁትን ነገሮች ይፈልጋል። የግድግዳ ጥግ፣ የመስኮት ጠርዝ፣ የዳስ ምሰሶ ሲያገኝ በላያቸው ትንንሽ አረንጓዴ ነጥብ ይተክላል። ከነጥቦቹ ተነስቶ ካሜራው የት ላይ እንደዞረ፣ የት ላይ ዝቅ እንዳለ ያሰላል። ይህን ካወቀ በኋላ መንቀጥቀጡን ማጥፋት፣ ወይም የሙሽሮቹን ስም በወርቅ ፊደል ጽፎ ከግንቡ ድንጋይ ጋር የተጣበቀ ማስመሰል ቀላል ነው። በዚያ ሰሞን የጎንደር ሙሽራ ስሙ ግንቡ ላይ ካልተጻፈለት የተዳረ አይመስለውም ነበር።

የሚንቀሳቀስ ነገር ግን ፕሮግራሙ አይወድም። የሚንቀሳቀስ ነገር ሒሳቡን ያሳስተዋል። ስለዚህ ቀይ ነጥብ ያደርግበትና ከቁጥር ያወጣዋል። ሰርግ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ምን እንደሆነ ደግሞ ታውቃላችሁ። ሰው ነው።

ከሁሉ የወደድኩለት ጠባዩ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ምስል፣ እኛ ሾት የምንለውን፣ አንድ በአንድ እየከፈታችሁ መድከም የለባችሁም። የሰርጉን ሾት በሙሉ በሰልፍ ትደረድሩለታላችሁ፤ አንድ ትእዛዝ ለሁሉም ትሰጡታላችሁ፤ ቁልፉን ተጭናችሁ ወደ ጉዳያችሁ ትሄዳላችሁ። እሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተራ በተራ ሲሠራ ይቆይና የተሳካለትን በአረንጓዴ፣ ያልተሳካለትን በቀይ ለይቶ ይጠብቃችኋል። ጓደኛዬ የእንግሊዝኛ ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ «ጅምላ» አልኩት። አረንጓዴዎቹን እወስዳለሁ፣ ቀዮቹን ሳልከፍት እሰርዛለሁ። አባቴ ቢያዩት ኖሮ ሱቃቸውን ሸጠው ይገዙት ነበር።

አያ አዱኛ የመጡት በአንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ከአዲ አርቃይ ወዲህ ካለ አገር በዋዜማው ጎንደር ገብተው ዘመድ ቤት አድረዋል። ጋቢያቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበዋል፤ ጢማቸው የሐዘን ጢም ነው። ከደጅ ቆመው ግራ ቀኙን ካዩ በኋላ፣

«የስመኝን ሰርግ ያነሳኸው ልጅ አንተ ነህ?» አሉኝ።

ስመኝ የትኛዋ እንደሆነች አላወቅሁም። ቢሆንም አዎ አልኳቸው፤ በዚያ መስመር ከእኔ ሌላ ማን ያነሳል? ገብተው ተቀመጡ። የስመኝ እናት፣ ባለቤታቸው ጠጄ፣ ማረፏን ነገሩኝ። ያጥናዎት አልኳቸው፤ እንደ ልማዴ በአጭሩ። ተዝካሯ ደርሷል፤ ፎቶ ግን የላትም። የመሬት ደብተሩ ላይ አንድ ነበረች፤ ቤቱ አፍስሶ ውሃ በላት።

«ለተዝካሩ ሰው ይያት ብለው ነው?» አልኳቸው።

«እሱም አለ» አሉ። «ዋናው ግን እሱም አይደል፣ ልጄ። ፊቷ እየጠፋኝ ነው። ድምጿ አለ፤ አካሄዷ አለ። ፊቷን ልይ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን ግን ስመኝ ትመጣብኛለች። ይህን ያህል ዘመን አብሬያት ኖሬ ፊቷን ሳላጠናው ቀርቻለሁ ለካ።»

ተነስቼ ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለችው መጋዘኔ ገባሁ። የሰጠኋቸው ሲዲ በየጎረቤቱ ሲዞር ተጫጭሮ አልቋል፤ እሱንም ቢሆን ያማረ ያማረውን መርጬ የሠራሁት ነው። ካሴቱ ግን፣ አገሩና ቀኑ ላዩ ላይ ተጽፎበት፣ ነበረኝ። የጅምላ ነጋዴ ልጅ ስለሆንኩ ዕቃ አልጥልም። ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ ስከፍተው የዚያ ቀን ግፊያ ትዝ አለኝ። ዳሱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነበር፤ ምስሉ ሁሉ ይናጣል። አንዱን ቦታ ላይ አቁሜ ሰው ልለይ ብሞክር የተቀባ ቀለም ነው የሚታየኝ። ድምፁን ዘጋሁትና «ግድ የለም አያ፣ መጀመሪያ በጅምላ መናጡን ላጥፋለትና ከዚያ እንፈልጋታለን» አልኳቸው። ሾቶቹን ደርድሬ ቁልፉን ተጫንኩ። መብራት እንዳይሄድብን እሳቸው በማርያም፣ እኔ በአላህ ለመንን።

አያ አዱኛ ወንበራቸውን አስጠግተው ነጥቦቹ በዳሳቸው ላይ ሲረግፉ ያያሉ።

«ይኼ ቀዩ ምንድር ነው?»

«የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፣ አያ። ፕሮግራሙ አይፈልገውም፤ ይተወዋል።»

«ምነው?»

«የማይነቃነቅ ነው የሚፈልገው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የገባቸው መሰለኝ። እንዲያውም ከእኔ በፊት ሳይገባቸው አልቀረም።

ፕሮግራሙ ሲጨርስ አረንጓዴዎቹን እየከፈትን አየን። መናጡ ጠፍቷል፤ ዳሱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ብሎ ቆሟል። ተደላድለው የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ ፊታቸው ጥርት ብሎ ወጥቷል። አንድ የሙሽራዋ አጎት ከምሳ ጀምሮ ከተቀመጠበት ስላልተነሳ ፕሮግራሙ ከምሰሶው ጋር ቆጥሮት ግንባሩ ላይ አረንጓዴ ተክሎበታል።

«ያችትና!» አሉ አያ አዱኛ በድንገት። «ጠጄ ናት!»

እኔ ያየሁት የአንድ ነጠላ ጫፍ ሲያልፍ ነው። መልሼ አሳየኋቸው። አዎ፣ ሴት ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታ በጓዳው በር ትገባለች። በሌላው ሾት ጎንበስ ብላ ጠላ ትቀዳለች፤ የሚታየው መቀነቷ ነው። በሌላው ክንዷ ብቻ ከካሜራው ፊት ሰሃን ይዞ ያልፋል። ሰውየው በተረከዟ ያውቋታል፤ በጥላዋ ያውቋታል። እኔ ገና ሳላያት «እሷ ናት» ይላሉ፤ እሷም ትሆናለች። ፊቷ ግን የለም። አንድም ሾት ላይ ዞር አላለችም፤ አንድም ሾት ላይ አልተቀመጠችም። ደግሞም ባለፈችበት ሁሉ ያለው ነጥብ ቀይ ነው።

አፈርኩ። በፕሮግራሙ ይሁን በእኛ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፕሮግራሙ ከፈረንጅ አገር መጥቶ የእኛን ሰርግ ቤት እንዳገኘው ቆጠረው፤ የተቀመጠውን ሰው አለ፣ የሚሯሯጠውን የለም አለ። ቤቱን ያቆመችው ሴት ሒሳብ አበላሽ ሆና ተሰረዘች። እኛስ ከዚህ የተሻለ ቆጥረን እናውቃለን? የሰርግ ቪዲዮ ያላችሁ ቤታችሁ ገብታችሁ እዩት። እናታችሁ የት ተቀምጣ ነበር?

«ጀርባዋንማ» አሉ አያ አዱኛ ቀስ ብለው፣ «ጀርባዋንማ እኔም አልረሳሁት።»

ቀዮቹ ቀርተዋል። እጄ ለምዶ ሊሰርዛቸው ነበር።

«እኒያስ?»

«የተበላሹ ናቸው፣ አያ።»

«ቢበላሹም የእሷ ቤት ናቸው። ክፈታቸው።»

ከፈትኳቸው። የሰው እግር፣ ሰማይ፣ ቄጤማ፣ እንደገና የሰው እግር። ከዚያ አንዱ ሾት ላይ ካሜራው ወደ ታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ከትከሻዬ እያወረድኩት እንደነበር ያስታውቃል። እየወረደ ሳለ ከፊት ለፊት አንዲት ሴት በሁለት እጇ ሰሃን ይዛ መጣች። ፊቷን ወደ እኛ አዙራለች። ወዲያው ካሜራው ተወዛወዘና ምስሉ ተድበሰበሰ።

አያ አዱኛ ክንዴን ያዙ።

እንደገና ለፕሮግራሙ ሰጠሁት፤ እንደገና ቀይ አደረገው። በዚያ ሁሉ ውዝዋዜ ውስጥ የሚይዘው ምሰሶ የለም። በጅምላ አልሆነም። እንግዲህ አባቴ የፈሩትን መቀስ ማንሳት ግድ ሆነብኝ፤ ምስሉን በየቅንጣቱ፣ እኛ ፍሬም በምንለው፣ እያቆምኩ ነጥቡን በገዛ እጄ ልተክል ተቀመጥኩ። ምን ላይ ልትከለው? እማማ ጠጄ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት። አገጯም ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ተነቅሳለች። ሙያው ያለው ሰው እንዲህ ያለ ምልክት ሲያገኝ ምን ያህል ደስ እንደሚለው ልነግራችሁ አልችልም። አንዱን ነጥብ መስቀሉ ላይ፣ ሌላውን አገጯ ላይ አደረግሁ። አንድ ቅንጣት ወደፊት ስሄድ እሷ ከነጥቡ ትርቃለች፤ ነጥቤን ይዤ እከተላታለሁ። እንደገና ትርቃለች፤ እንደገና እከተላታለሁ። ከዚያ ፕሮግራሙን ዋሸሁት። ይች ሴት አትንቀሳቀስም፣ የሚንቀሳቀሰው ቤቱ ነው አልኩት። አመነኝ።

ሳጫውተው ጠጄ መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ዳሱ፣ ምሰሶው፣ ወንዶቹ፣ ያ የማይነሳው አጎት ሳይቀር በዙሪያዋ ይወዛወዛሉ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ላብ ያረጠበው ግንባሯ፣ ከሻሿ ያመለጠው ሽበቷ፣ በጭስ የቀላው ዓይኗ ሁሉ ይታያል።

አያ አዱኛ ተነስተው ቆሙ። ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

«ጠጄ» አሉ። ጠጋ ብለው አዩና «ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን ትላለች?» አሉኝ።

የዘጋሁትን ድምፅ ከፈትኩት። የእልልታና የከበሮ ጩኸት ክፍሏን ሞላት፤ በመካከሉ የእሷ ድምፅ መጣ።

«በሞቴ! በሞቴ ልጄ፣ ይችን ብቻ ቅመስልኝ። ሥጋችን እንደማይሆንህ አውቃለሁ፤ እንቁላልና ማር ነው። ዕቃውም ለብቻው የታጠበ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፍህ አልገባም እኮ። በሞቴ!»

እስላም መሆኔን ማን ነገራት? ያን ሁሉ ሕዝብ ስታበላ፣ ከዳሱ ጥግ ካሜራ ይዞ የቆመው ልጅ ጦሙን መዋሉን መቼ አየችው? እኔ ሳላያት ስውል እሷ አይታኝ ኖሯል።

ደግሞ ያች ቃል። «በሞቴ»ን ስንት ጊዜ ሰምታችኋታል? አንድ ጉርሻ ለማስዋጥ ነፍሳችንን መያዣ እናስይዛለን፤ ባይዋም ሰሚውም ልብ አይላትም። ያን ዕለት በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ሁለታችንም ልብ አልናት።

አያ አዱኛ ከምስሉ ላይ ዓይናቸውን ነቅለው ወደ እኔ ዞሩ።

«በላህላት?» አሉኝ።

አላስታወስኩም። ስንት ሰርግ፣ ስንት ዳስ፣ ስንት ሰሃን አልፎኛል። በላሁ ብዬ ልገላገል ነበር፤ የሰውየው ዓይን ግን ለውሸት ቦታ አልሰጠኝም። እምቢ ብያት ቢሆንስ? ሙሽራው ወጣ ሲባል ጥያት ሮጬ ቢሆንስ? በሞቴ ያለችኝ ሴት እኮ ሞታለች።

«አያ፣ እውነቱን ለመናገር አላስታውስም» አልኳቸው።

«እንግዲያማ ልቀቀው» አሉ ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከቱ።

ለቀቅሁት። ካሜራውን ሳላጠፋ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ኖሮ ሾቱ አላለቀም። ከዚያ በኋላ የሚታየው የእኔ ጉልበትና ቄጤማው ብቻ ነው። ከእሷ የሚታየው ባዶ እግሯ ነው፤ አልሄደችም፣ ከፊቴ ቆማለች። ከበሮው ይመታል፤ አንድ ሰው ከሩቅ «ጠጄ! ጠላ!» ብሎ ይጣራል። እግሯ አልተነቃነቀም። የተጣራው ሰው ድምፅ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ አያ አዱኛ ግን አንገታቸውን ደፉ። እኔ ጉልበቴን አያለሁ። በሕይወቴ ጉልበቴን እንዲያ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ጉልበቴ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ረገፈ።

«ሸጋ!» አለች ጠጄ። «እንዲህ ነው እንጂ! ያችንም ድገማት።»

«ኧረ በቃኝ እማማ» ይላል የእኔ ድምፅ፣ አፉን ሞልቶ።

«አልበቃህም!» ቅርፊት እንደገና ረገፈ። እግሯ ዞረና ሮጠ።

አያ አዱኛ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ ሳቁ፤ የጥርሳቸውን ጉድለት እስካይ ድረስ ሳቁ። ቀጥሎ ያው የምታውቁት መጣ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው «በልቶላታል፣ በልቶላታል» ይሉ ነበር፤ ለማን እንደሚነግሩ አላውቅም። እኔም ዞሬ ገመድ የምጠቀልል መሰልኩ።

ፎቶውን አጠብኩላቸው። ከሁሉ የጠራው ቅንጣት አፏ ለንግግር የተከፈተበት ነውና ለተዝካር እንደማይመች ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ገና እያዩት «ምን ሆነ? ጠጄ አፏን የከደነችበት ቀን የለም። ሸጋ ነው» አሉኝ። በመሐረብ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ከተቱትና እንደገና አውጥተው አዩት።

ሰዓቱ ሄዷል፤ ከጠዋት ጀምሮ ሁለታችንም እህል አልቀመስንም። ደግነቱ ረቡዕ ነው። ጎንደር ውስጥ እስላምና ክርስቲያን ያለ ሐሳብ አንድ ገበታ የሚቀርቡት በጦም ቀን ነው፤ ሽሮ ሃይማኖት አይጠይቅም። ከስቱዲዮዬ ጎን ወዳለችው ምግብ ቤት ወሰድኳቸው፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«አይ ልጄ፣ እኔስ ጠግቤያለሁ። ማኪናው ያመልጠኛል።»

«ማኪናው አይሄድም፣ አያ። ትንሽ ይቅመሱ።»

«አይሆንም፤ ባርኮ ይስጥህ። አልራበኝም።»

ይህንን ወግ ታውቁታላችሁ። እንግዳ እምቢ ማለት አለበት፤ ጋባዥም መለመን አለበት፤ ሲብስ የሚባለው ቃል ደግሞ አንድ ነው። እጃቸውን ይዤ ወደ ውስጥ እየሳብኩ፣ ሳላስበው ምላሴ ላይ መጣ።

«ኧረ አያ፣ በሞ...»

መዳፋቸው አፌ ላይ አረፈ። የገበሬ መዳፍ ነው፤ ሻካራና ትልቅ።

«ተው ልጄ» አሉኝ። «እሱን አትበል። ሳትል እበላለሁ።»

ገብተው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ እኔን በሕይወት ለማቆየት ብለው፣ አያ አዱኛ ሽሮዋን ጥርግ አድርገው በሉ።